ግንባረ አንጎል

ከግንባራችን አጥንት ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ሐኪሞች «ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ግንባረ አንጎል ብለነዋል። ማቀድ፣ ማመዛዘን፣ እጅ ከመሰንዘር በፊት ቆም ማለት በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። አደጋን ቶሎ የሚያሸትተው ግን ሌላ ነው፤ በግራና በቀኝ በአንጎል ውስጥ የተቀመጠው፣ ቅርጹ ለውዝ የሚመስለው አሚግዳላ። ፍርሃትና ቁጣ ሲቀሰቀሱ እሱ ይቀድማል። ግንባረ አንጎል ዘግየት ብሎ ይደርስና ነገሩን መልሶ ይመረምራል። ስሜትን መግራት የምንለው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ኬቪን ኦክስነር፣ ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የሚረብሽ ፎቶ እያዩ ትርጉሙን በሌላ መልክ እንዲያስቡት ተጠየቁ። ያን ሲያደርጉ የግንባረ አንጎላቸው እንቅስቃሴ ጨመረ፤ የአሚግዳላቸው ቀነሰ። በ2007 ደግሞ የማቲው ሊበርማን ቡድን በሰው ፊት ላይ የሚታየውን ስሜት በስሙ መጥራት እንኳ አሚግዳላን እንደሚያረጋጋ አሳየ።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብሎ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ላየ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። ተበዳይ በደሉን እስኪወጣለት ይናገራል። ነገሩ ከጋለ ሽማግሌዎቹ በቀጠሮ ያሳድሩታል። ቀጥሎም «መካከላችሁ የገባው ሰይጣን ነው» ይላሉ። ይህን እንደ ማባበያ ብቻ የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን የሽምግልና ዋና ጥበብ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥፋቱ አይካድም፤ ካሳውም አይቀርም። ትርጉሙ ግን ይለወጣል፦ ሊያዋርደው የተነሳ ጠላት ያይ የነበረው ተበዳይ፣ አሁን የተሳሳተ ጎረቤት ያያል። ከጥናቶቹ ጋር ያዛመድኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱ ግን ተመሳሳይ ይመስለኛል።

ግንባረ አንጎል ዘግይቶ ይበስላል፤ እድገቱ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይዘልቃል። አረቄና እንቅልፍ ማጣትም ያዳክሙታል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን፣ የጠጣ ሰው ነገር ሲመጣላችሁ ለማግስቱ አሳድሩት፤ የጎረምሳ ጠብ ሲሆን ደግሞ ቀጠሮውን አርዝሙለት።