የማለዳው ቀጠሮ

ካሜራን መኪና ላይ አስሮ ፍጥነትን የመቅረጽ ታሪክ ሲነሳ ከፊቴ ድቅን የሚለው ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ክሎድ ለሉሽ ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) አንድ ማለዳ ካሜራውን ከመርሴዲሱ የፊት ፓራውልት ጋር አሰረ። ራሱ እየነዳ፣ ቀይ መብራት እየጣሰ፣ ፓሪስን ሰንጥቆ ሞንማርትር ኮረብታ ላይ ወጣ። «ቀጠሮ ነበር» የተሰኘው ፊልም ስምንት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይጋልባል።

መጀመሪያ ሳየው ትንፋሼን ውጬ ነበር። የሞተሩ ጩኸት ግን የመርሴዲሱ አይደለም፤ ኋላ ከፌራሪ ተቀድቶ የገባ ነው። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለታሰረም ፍጥነቱ ከእውነተኛው በላይ ይመስላል።

ድምፁ የተውሶ፣ ፍጥነቱም የተጋነነ ይሁን። መንገዱ ግን አልተዘጋም ነበር፤ የሚያቋርጡትም ሰዎች ተዋንያን አልነበሩም። ጥበበኛ በገዛ ነፍሱ ቢወራረድ መብቱ ይሆናል። በአላፊ አግዳሚው ነፍስ እንዲወራረድ ግን ማን ፈቀደለት?