«በእጄ ነው» ወይስ «ዕድሌ ነው»? የታዳጊዎች የቁጥጥር እምነትና የጭንቀት አያያዝ

የፈተና ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተማሪ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ «አጠናኔ ትክክል አልነበረም» ይላል፤ ሌላው «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጁሊያን ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት የመጀመሪያውን ውስጣዊ፣ ሁለተኛውን ውጫዊ የቁጥጥር እምነት ብለው ለይተውታል። ስቲቨን ኖዊኪና ቦኒ ስትሪክላንድ ደግሞ በ1973 በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለሱ 40 ጥያቄዎች ያሉት የልጆች መለኪያ አዘጋጅተዋል።

በዘርፉ የተሠሩ ጥናቶች በአመዛኙ እንደሚያሳዩት፣ ውስጣዊ እምነት ያላቸው ታዳጊዎች ችግሩን ወደ መፍታት ያዘነብላሉ። ውጫዊው የበረታባቸው ከጉዳዩ መሸሽ ይቀናቸዋል፤ ለጭንቀትና ለድባቴም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ይህ ሲባል ግን እምነቱ ብቻውን ጭንቀትን ይፈጥራል ማለት አይደለም፤ የበዛ ጭንቀት ራሱ «ምንም ማድረግ አልችልም» የሚል ስሜት ያሳድራል።

ነገሩ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ዝናቡ በእጁ አይደለም፤ ደጋግሞ ማረስ፣ በወቅቱ ማረምና ከመረሬ መሬት ላይ ውኃ ማጠንፈፍ ግን የእርሱ ድርሻ ነው። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የጭንቀት አያያዝን ለሁለት የከፈሉት ከዚህ ብዙም በማይርቅ መንገድ ነው፦ አንደኛው ችግሩን ራሱን መጋፈጥ፣ ሌላኛው ችግሩ ያስከተለውን ስሜት ማብረድ።

በመሆኑም «ሁሉም በእጅህ ነው» የሚለው ምክርም ጉዳት አለው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውጤት በተማሪዎች ስንፍና ብቻ ሊገለጽ አይችልም። መጽሐፍ ያልደረሰውን፣ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ በጭንቀቱ ላይ ጸጸት መጨመር ነው። ከትምህርት መልስ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር የምታመሽ ልጃገረድም «ጊዜ የለኝም» ስትል ሰበብ እየፈጠረች አይደለም። ለእርሷ የሚበጀው የምክር ብዛት ሳይሆን የቤት ሥራው ከወንድሞቿ ጋር መከፋፈሉ ነው።

ወላጆች ታዳጊው የጥናት ሰዓቱን ራሱ እንዲመርጥ ቢፈቅዱ፣ በእጁ ያለውንና የሌለውንም ለይቶ በወረቀት እንዲያሰፍር ቢያግዙት መልካም ጅምር ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም።