የጋራ ባለቤት ያለው ብድር፦ ከኩዌት ፈንድ ታሪክ

ኩዌት ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀድሞ ትዝ የሚለው በሳልሚያ ወይም በፈርዋኒያ ሰው ቤት እየሠራች ለቤተሰቧ ገንዘብ የምትልክ እህት ናት። ከዚያው አገር ድንበር ተሻግሮ የሚወጣ ሌላ ገንዘብ ግን አለ። የኩዌት የዓረብ ኢኮኖሚ ልማት ፈንድ የተቋቋመው አገሪቱ ነጻ በወጣችበት በ1961 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ቀን ላይ ነው፤ ከታዳጊ አገሮች መካከል ሌሎችን ለማልማት የተመሠረተ የመጀመሪያው የብድር ተቋም መሆኑ ነው። ታሪኩን ላጤነ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ድንበር ተሻጋሪ ሥራ ሕዝብን ክፉ ቀን የሚያሻግረው ገንዘቡ ስለበዛ ሳይሆን በተሠራው ነገር ላይ ተጎራባቾቹ አገሮች አብረው ሲያዙበት ነው።

ይህን ኩዌቶች የተማሩት በውሃ ጥም ነው። የኩዌት ከተማ ወንዝ የላትም፤ የጉድጓዶቿም ውሃ ጨው ያለበት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ጀልባዎች የእንጨት ታንከር ጭነው ወደ ሻት አል-ዓረብ ወንዝ ይሄዱ፣ የሚጠጣ ውሃ ሞልተው ይመለሱ ነበር። ወደቡ ላይ ውሃው በአቁማዳ ይቀዳና በአህያ ተጭኖ በየመንደሩ ይሸጣል። ባሕሩ ሲናወጥና ጀልባ ሲዘገይ ከተማው ይጠማል። በ1950ዎቹ የነዳጅ ገቢ ሲያድግ ከዚያው ወንዝ በቧንቧ ውሃ ለማምጣት ከኢራቅ ጋር ድርድር ተከፈተ፤ ሆኖም የውሃው መክፈቻ በአንድ ወገን እጅ ይሆናል የሚል ስጋት ስለነበር ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ኩዌት የተማመነችው በባሕሩ ነው፤ በ1953 ሹዋይክ ላይ የባሕር ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር። ታዲያ «ለራሷ ያልፈለገችውን ለሌላው ትሰብካለች» የሚል ይኖራል። እኔ ግን እምቢታው ምክንያት ነበረው እላለሁ፤ ባለቤቱ አንድ፣ ጠጪው ሌላ የሆነ ቧንቧ ትብብር ሳይሆን ጥገኝነት ነው።

ፈንዱ ሲቋቋም ሁለተኛ ጥርጣሬ መጣ። ኩዌት ነጻነቷን ባገኘች በስድስተኛው ቀን የኢራቁ መሪ አብዱልከሪም ቃሲም አገሪቱ የኛ ናት ብለው ተነሡ። ስለዚህ ብድሩ የወዳጅ መግዣ ነው የሚሉ አልጠፉም። ጊዜው ራሱ ይመሰክርላቸዋል፤ ፖለቲካው በብድሩ ውስጥ አልነበረም ማለትም የዋህነት ነው። ነገር ግን ዋጋው ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈንዱ እንደ ከሰረ ንግድ በተቆጠረ ነበር። በነሐሴ 1990 ኢራቅ ስትወርር ከመጀመሪያዎቹ ተበዳሪዎች መካከል የነበሩት ሱዳንና ዮርዳኖስ ኩዌት የጠበቀችውን ድጋፍ አልሰጧትም። በብድር ታማኝነት እንደማይገዛ ታየ። ብድሩ ሌላ ነገር ማድረግ ይችል እንደሆነ ለማየት ወደ ምዕራብ አፍሪካ መሄድ ያስፈልጋል።

ፈንዱ በ1974 በሩን ከዓረብ አገሮች ውጭ ላሉትም ከፈተ። ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ገንዘብ ካዋጣባቸው ሥራዎች አንዱ በማሊ ምድር በሴኔጋል ወንዝ ገባር ላይ የቆመው የማናንታሊ ግድብ ነው። ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል በ1972 የወንዙን የጋራ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ በ1978 ደግሞ ግድቡ የሦስቱም የማይከፋፈል ንብረት እንዲሆን ተፈራረሙ። የመብራቱ ድርሻ ለማሊ 52፣ ለሴኔጋል 33፣ ለሞሪታኒያ 15 በመቶ ሆነ። ግድቡ በ1988 ተጠናቀቀ፤ በዓመቱ ሴኔጋልና ሞሪታኒያ ተጣሉ፣ ደም ፈሰሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ፣ ኤምባሲዎችም ተዘጉ። የወንዙ ድርጅት ግን አልፈረሰም።

ይህን ድል ብሎ ማለፍ ግን የወንዙን ዳር ገበሬ መርሳት ነው። እንደ ፎገራና ደምቢያ ባሕር ሸሽ ሁሉ በዚያም ሸለቆ ሰው የሚዘራው ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው ርጥብ መሬት ላይ ነበር። ግድቡ የጎርፉን ወቅትና መጠን አዛባው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሡ። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ክርክሬን ግን ያጠብቀዋል እንጂ አያፈርሰውም። መንግሥታት በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ ገበሬው ወንበር ስላልነበረው የተጎዳው እሱ ነው።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ጅቡቲ ውስጥ ነው። በኩዌት ፈንድ ብድር የተሠራው ከታጁራ እስከ ባልሆ የሚደርሰው መንገድ ድንበራችን ላይ ያበቃል፤ ለአፋር፣ ለትግራይና ለሰሜን ወሎም ወደ ባሕር የሚያደርስ አማራጭ በር ነው። አስፋልት ግን በራሱ ጉርብትና አያጸናም፤ ጉምሩኩ፣ ጥገናውና ታሪፉ በየወገኑ ከተወሰነ መንገዱ በአንድ ደብዳቤ ሊዘጋ ይችላል። የጋራ አስተዳደር ሉዓላዊነትን ይሸረሽራል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የጋራ ደንብ የሌለው አገርም የጎረቤቱ ውሳኔ ተገዢ ነው፤ ልዩነቱ ውሳኔው ሲወሰን አለመጠራቱ ነው። ስለዚህ አዲስ የድንበር መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ግድብ ብድር ሲመጣ ከወለዱና ከእፎይታ ጊዜው በፊት መጠየቅ ያለበት ሥራው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚያዝበት፣ የጥገናው ወጪ ከየት እንደሚወጣና የአካባቢው ነዋሪ በቦርዱ ላይ ድምፅ እንዳለው ነው። መልስ ከሌለው ብድሩ ቢረክስም ተቀባዩን ብዙ ያስከፍላል።