ከሙዳይ እስከ ኒዶ ጣሳ

የታሪክ ትምህርታችን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይመስላል። ማን ማንን በስንት ጠመንጃ እንደወጋ፣ የትኛው ንጉሥ የት ላይ ድንኳን እንደተከለ ከነቀኑ ሸምድደን ፈተና አልፈናል። ያ ሁሉ ሠራዊት ግን ራቁቱን አልዘመተም። የለበሰውን አንዷ ፈትላዋለች፣ አንዱ ሸምኖታል፣ ሲቀደድ ደግሞ ሌላ ሰው ጠግኖታል። ለመሆኑ መርፌው የት ነበር የሚቀመጠው? ጥጡስ? ክሩስ?

"ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ ይወጣዋል?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። አንድ ቤት የስፌት ዕቃውን የት እንዳስቀመጠ ስናይ፣ ያ ቤት ምን ያህሉን በራሱ ያመርት እንደነበርና በውስጡ የማን ድካም እንደ ሥራ ይቆጠር እንደነበር አብረን እናያለን። ለእኛ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

የተቃጠለው ጥጥ

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ ኢዛና፣ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ትቶልናል። ያቃጠላቸውን ከተሞችና የማረካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ መሃል ዓይናችንን የያዘው ግን ሌላ ነው፦ ሠራዊቱ የጠላትን የእህልና የጥጥ ክምችት ማጥፋቱ። አስቡት እንግዲህ! ጥጥ ከእህል እኩል የሚከማች፣ ጠላት ሲመጣም ከእህል እኩል የሚጠፋ ሀብት ነበር። እህሉን ማጥፋት ማስራብ ነው፤ ጥጡን ማጥፋት ደግሞ ማራቆት። የዛሬ 1600 ዓመት ገደማ "ጥጣቸውን አጠፋሁ" ማለት ለንጉሥ የሚያኮራ ወሬ ነበር ማለት ነው።

ቤቱ ራሱ ፋብሪካ ሳለ

አሁን ከንጉሡ ሐውልት ወርደን ወደ አንድ የደጋ ገበሬ ቤት እንግባ። ጥጥ የሚበቅለው በቆላ ስለሆነ የደጋዋ ባለቤት ከገበያ ታስመጣዋለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሸማኔው ደጃፍ ድረስ ያለው ሥራ የሷ ነው። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ለመፍተል እንዲመች ሲጠቀለል አመልማሎ ይባላል። አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ክር ሲጠራቀም ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱ ለሸማኔው ይሰጣል።

ልብ በሉ፤ ጥጡ በየደረጃው ስሙን ይለውጣል። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ጠባዩ ይለወጣልና ማስቀመጫውም አብሮ መለወጥ አለበት። ያልተዳመጠ ጥጥ ቦታ ይፈጃል እንጂ ቶሎ አይበላሽም፤ በስልቻ ታጭቆ ቆጥ ላይ ቢወጣ ግድ የለውም። የተነደፈ ባዘቶ ግን አቧራና ጭስ አይወድም፤ በዚያ ላይ ጭስ በበዛበት ጎጆ! ስለዚህ ክዳን ይፈልጋል። ልቃቂት ደግሞ ብዙ ቀን የተለፋበት ነገር ነውና ከሁሉ የተሻለው ቦታ ይሰጠዋል፤ ሙዳይ።

ሙዳይን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የስፌት ዕቃ ናት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምናያት ሙዳየ ምጽዋትም ስሟን ያገኘችው ከሷ ነው። የሚገርመው ግን ሙዳይ የስፌት ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ሳትሆን ራሷም የተሰፋች መሆኗ ነው። አማርኛችን ልብስንም "ሰፋ" ይላል፣ መሶብንም "ሰፋ" ይላል። ሰንደዶው ውስጡን ይሞላል፣ አክርማው እየዞረ ያስረዋል፣ በቀለም የተነከረው አለላ ጌጡን ያወጣል፣ ወስፌው ደግሞ መንገዱን ይበሳል። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ አቀማመጥ አለው። አለላው በየቀለሙ ለየብቻ ይታሰራል። አክርማው ደርቆ እንዳይሰበር ሲሠራበት ውኃ ይነካዋል። ሐረር የሄዳችሁ ደግሞ አይታችሁታል፤ በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት የተሰፋው ዕቃ ጓዳ አይደበቅም፤ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በረድፍ በረድፍ ተሰቅሎ የቤቱን ሴቶች ሙያ ይመሰክራል።

ስለ ልቃቂት ካነሳን አይቀር አንድ ቃል እናንሳ፤ ውል። ውል ማለት የተጠቀለለ ክር ጫፍ ነው። ጫፉ ከተያዘ ያ ሁሉ ክር ያለ ችግር ይተረተራል። ጫፉ ከጠፋ የሳምንታት ልፋት ቋጠሮ ብቻ ይሆናል። "የነገሩ ውል ጠፋብኝ" የምንለው ከዚህ ነው። ፍርድ ቤት የምንፈራረመውንም "ውል" እንለዋለን። ክሯን ስታስቀምጥ ጫፉን አጥብቃ የምትይዝ ሴት፣ አሁን በዘመነኛ ቋንቋ "ኦርጋናይዝ ማድረግ" የምንለውን ነገር ከኛ በፊት በሚገባ ታውቀዋለች።

መርፌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን ነበር። በሰሜኑ ገበያ ስላየው ነገር ሲጽፍ፣ ዶቃ፣ ኩል፣ ዕጣንና መርፌ አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ ፋንታ እንደሚያገለግሉ ይነግረናል። ዛሬ ሱቅ ሄደን ከነማሸጊያው የምንገዛው፣ አንዱ ቢጠፋ ጎንበስ ብለን የማንፈልገው መርፌ! በዚያ ዘመን መርፌ ከባሕር ማዶ በነጋዴ ተጭኖ የሚመጣ ብርቅ ዕቃ ነበር። እንግዲህ መርፌ ሙዳይ ውስጥ ከዶቃውና ከጉትቻው ጎን ቢቀመጥ ምን ይገርማል?

ክሩም እንደዚያው። ብሩስ እንደጻፈው ከሕንድ ሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ሰዎች ክር በክር እየተረተሩ፣ አገር ውስጥ ከተፈተለው ነጭ ጥጥ ጋር መልሰው ይሸምኑት ነበር። አንድ ሙሉ ጨርቅ የሚተረተረው ለጥለቱ ቀለም ሲባል ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ አይከፋም። ዛሬ "ሪሳይክል" እያልን ሴሚናር የምንጠራለት ነገር ከ250 ዓመት በፊት የሸማ ጥለት ላይ ነበር።

የማን ሥራ?

እስካሁን ያወራነው ደስ ይላል። አሁን ደስ ወደማይለው እንሂድ።

በባህላችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነበር። የሸማኔው ዕጣ ስድብ ነው። "ቁጢት በጣሽ" የሚለውን ስድብ ከታላላቆቻችን አፍ ያልሰማ የለም። ሰውየው የሸመነውን ለብሰው ሰውየውን ይንቁታል! ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የምናውቀው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማውጣት በመድረሳቸው ነው። የእጅ ሙያ ያለውን ሠራተኛ በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ሠራተኛውን የሰደበ ንጉሠ ነገሥቱን እንደሰደበ እንደሚቆጠር፣ በእስራትም እንደሚቀጣ አስታወቁ። በዚህ ስድብ አገሪቱ ያለ ሙያተኛ ልትቀር ነው የሚል ስጋትም ነበራቸው። አዋጁ ስድቡን ባያጠፋውም ቢያንስ የሸማኔው ሥራ ሥራ መሆኑን መንግሥት በአደባባይ መሰከረ።

የፈታይዋስ? ለሷ አዋጅም አልወጣላትም፤ ስድብም አልደረሰባትም። የሷ ሥራ "የቤት ሥራ" ነበረና እንደ ሙያ ተቆጥሮ የሚናቅበት ዕድል እንኳ አላገኘም። ሸማኔው መቀመጫ ጉድጓድ አለው፣ መወርወሪያ አለው፣ ቀሰም አለው፣ ዋጋ ይጠራል። እሷ ያላት እንዝርትና ሙዳይ ነው፤ የምትፈትለውም ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አስተኝታ በተረፋት ሰዓት ነው። ሙዳይዋን የዚያች የተረፈች ሰዓት ማጠራቀሚያ ብንላት አልተሳሳትንም። አንድ ጋቢ ለመሙላት ስንት እንዲህ ያለ ሰዓት እንደሚፈጅ የቆጠረ ማን ነው?

መኪናው ሲገባ

አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ስሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ "ሲንጀር" ሆኖ፣ ከዚያም የመኪናዎቹ ሁሉ የወል ስም ለመሆን በቃ። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ከመኪናነቱ ሌላ የቤት ዕቃ ነው፤ በግራና በቀኝ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ። መቀሱ፣ ሜትሩ፣ የክር ጥቅሉ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት ማድረጊያዋ የደረቀች የሳሙና ስባሪ … ሁሉም እዚያ መሳቢያ ውስጥ ቦታ አገኙ።

ከዚያ ፋብሪካው ተከተለ። የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1961 ተቋቋሙ። አቡጀዲ ከባሕር ማዶ ድሮም ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን አገር ውስጥ የተሠራ ክርና ጨርቅ በየሱቁ ተገኘ። መዳመጫውና ደጋኑ ከብዙ ቤት ወጡ። የሸማኔው ድር ፋብሪካ የፈተለው ሆነ፤ ማጉ ግን እስከ ዛሬም ብዙውን ጊዜ በሴቶች እጅ የተፈተለ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጋቢ ስትገዙ የምትለብሱት ይህን ድብልቅ ነው፤ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ እንዝርት።

የከተማ ልጃገረዶች ደግሞ ሌላ የእጅ ሥራ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትና ከሱ በኋላ የመጡት የባልትና ክፍሎች ጥልፍና ኪሮሽ የያዙ ሴቶችን አፈሩ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳንቴል! ሶፋው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ቴፑ ዳንቴል፣ ስልኩ እንኳ ዳንቴል ለብሶ ያደገ ትውልድ ነን። እየሳቅን የምናወራው ያ ዳንቴል ግን በእጅ ስለተሠራ ማንም ያልከፈለበት፣ ከሙዳይዋ ወደ ሳሎን የወጣ የተረፈ ሰዓት ነው።

ጣሳው

ከዚያ የኛ ዘመን ጣሳ መጣ። ወተቱ አለቀ፤ ጣሳው ሙዳይን ተካ። የኒዶ ጣሳ ከሌለ የብስኩት ቆርቆሮ። ክዳኑን ስትከፍቱት ምን ይወጣል? ከተጣለ ሸሚዝ የተነቀለ ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ወረቀት ላይ የተሰካ መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ የተበላሸ ዚፕ፣ የሱሪ ላስቲክ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የጆሮ ጌጥ። ጣሳው የሚነግረን ታሪክ ቀላል ነው። ሙዳይዋ የያዘችው ልብስ የሚሆን ነገር ነበር፤ ጣሳው የያዘው ግን ከልብስ የተረፈ ነገር ነው። አምራች የነበረው ቤት ጠጋኝ ሆኗል።

ከዚያም ሰልባጅ በየገበያው ተዘረጋ። ሌላ አገር የተለበሰ ልብስ ከመጠገን ይልቅ ሌላ መግዛት የሚያዋጣ እስኪመስል ረከሰ። አሁን የቀረው የመንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ የሚያሳጥርልን፣ ወገብ የሚያጠብልን። ጣሳውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ አሮጌውን ልብስ ደግሞ ልዋጩ በፕላስቲክ ሳፋ ይለውጠዋል። ብዙ ክፍል ያላቸው ግልጽ ፕላስቲክ ሳጥኖች መርካቶ ሞልተዋል፤ ያምራሉም። ውስጣቸው የሚገባው ምንድን ነው ብለን ግን እንጠይቅ። አያቶቻችን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይሉ ነበር። ቆጡ ላይ ያለውን ሳጥን ስንመኝ ብብታችን ሥር የነበረው ሙያ እየወደቀ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ ደጋን እንመለስ አንልም። የፈታይዋን ድካም ከዳር ሆኖ ማወደስ ለኛ ቀላል ነው፤ ጉልበቷ ያለቀው ግን የሷ ነው። ሁለት ነገር ግን ማድረግ እንችላለን። አንደኛ፣ የስፌት ዕቃችንን ስናስተካክል የሙዳይን ሕግ እንከተል። ዕቃውን በሥራው ደረጃ እንለየው፤ አቧራ የሚጎዳውን እንክደነው፤ የየክሩን ጫፍ እንያዘው፤ የሚያምረውንም ጓዳ ከመቅበር እንደ ሐረሮች ግድግዳ ላይ እንስቀለው። ሁለተኛ፣ ቤታችን ውስጥ የፈተለች ሴት ካለች ሳታልፍብን ቁጭ ብለን እንጠይቃት። ባዘቶና አመልማሎ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንድ ልቃቂት በስንት ቀን ይሞላል? ክፍያው ስንት ነበር፣ ክፍያስ ነበረ ወይ? መልሷን በስሟና በቀኑ እንጻፈው። የንጉሡ ድል በድንጋይ ላይ ተጽፎ ቆይቶልናል። የሷን የሚጽፍላት ከኛ ሌላ የለም፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ደብተር ይበቃል።