የፎርድ 2.5 ሊትር ሃይብሪድ ሞተር የጥገና ጥሪ

ፎርድ በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያወጣው የደኅንነት ጥሪ ነው። የተጠሩት ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ሃይብሪዶቹ ኢስኬፕ፣ ማቭሪክና ሊንከን ኮርሴር ናቸው። መጀመሪያ 100 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በዓመቱ ጥሪው ሲደገም ወደ 125 ሺህ ደረሱ።

ሃይብሪድ ሲባል የብዙ ሰው ሥጋት ቀድሞ ወደ ባትሪው ይሄዳል። እዚህ ግን ባትሪው የለበትም፤ ጥፋቱ የቤንዚን ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲሰበር ሞኖብሎኩ ወይም የዘይት ቋቱ ይቀደዳል። የሚፈሰው ዘይትና የነዳጅ ትነት ከኮፈኑ ሥር ይታመቅና የጋለ ብረት ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ለባለቤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። መካኒኩ ከፊት ግሪሉ ጀርባ የሚከፈትና የሚዘጋውን የአየር መጋረጃ ክንፎች ይነቅላል፤ ከሞተሩ በታች ያለውን መከላከያ በመሰርሰሪያ ይበሳል። በቃ! ሞተሩ አይነካም። ሥራው ለትነቱ መውጫ ማበጀት እንጂ ስብራቱን ማስቀረት አልነበረም። ስለዚህ መኪናው ከጋራዥ «ተጠግኖ» ቢወጣም የባለቤቱ ጥያቄ እዚያው ቀረ። በ2023 ደግሞ ቀድሞ የተጠገኑትም እንደገና ተጠሩ።

ያልተለመደ የሞተር ድምፅ የሰማ፣ ጉልበት ማነስ ወይም ጭስ ያየ አሽከርካሪ ቶሎ ጥግ ይዞ ሞተሩን እንዲያጠፋ ኩባንያው አሳስቧል። የጥሪ ጥገና ለባለቤቱ በነፃ ነው፤ መኪናው መጠራቱንም 17 ፊደልና አኃዝ ባለው የሻንሲ ቁጥር ማጣራት ይቻላል።