የባሌ ጦጣ ቆጠራና የመቶ ዓመት ታሪኩ

የባሌ ጦጣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር ዱር አይገኝም። ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ግን፣ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ እንስሳት፣ የውጭ ሰው ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኦስካር ኖይማን ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ አበራ ከተባለ ቦታ አጠገብ ከነበረ የቀርከሃ ደን የተገኘውን ይህን እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1902 ጽፎ ሲያሳውቅ፣ ስሙን ከጀምጀም ምድር ወሰደለት። ከዚያ ወዲህ እስከ መቶ ዓመት ገደማ ስለ ጦጣው የሚታወቀው በሙዚየም ከተቀመጡ ጥቂት ናሙናዎች ብዙም የማያልፍ ነበር።

የረጋ ጥናት የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ደግነቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ተጀመረ። አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቹ በባሌ፣ በኦዶቡሉ ደን ጦጣዎቹን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ከምግባቸው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ቀርከሃ፣ ይልቁንም ለጋ ቅጠሉ መሆኑን አሳዩ። ቀርከሃው ሲቆረጥ የጦጣው ማዕድ አብሮ ይነሣል ማለት ነው።

መቁጠሩ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በተለመደው ዘዴ ቆጣሪው ቀጥ ባለ መስመር እየሄደ ያየውን እንስሳና እንስሳው ከመስመሩ ያለውን ርቀት ይመዘግባል፤ ከዚያም የደኑን ጠቅላላ ቁጥር በስሌት ይገምታል። ይህ ለሰፊ ደን ይሆናል። በእርሻና በግጦሽ በተከበበች ቁራጭ ደን ውስጥ ግን መስመሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። እዚያ የሚያዋጣው መንጋውን ለይቶ፣ ደጋግሞ እየተመለሱ አንድ በአንድ መቁጠር ነው። የአንዷን ቁራጭ ቁጥር ለጎረቤቷ ማብዛትም አያስኬድም፤ ያችኛዋ ባዶ ልትሆን ትችላለችና።

እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ ቁርጥራጭ ደኖች ከዚያ በፊት ያልታወቁ የባሌ ጦጣዎች መገኘታቸው ተጻፈ። ይህን የሰማ ጦጣው የበዛ ሊመስለው ይችላል። አልበዛም፤ ተፈልጎ ተገኘ እንጂ። ቀርከሃ በሳሳባቸው በእነዚህ ቦታዎች ጦጣዎቹ የገበሬውን ሰብል ይበላሉ። ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ማሳ ሲወድም ገበሬው ዝም ብሎ እንዲያይ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ማሳ የሌለው ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከሌላ የጦጣ ዘር ጋር መዳቀላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት በቁርጥራጭ ደኖቹ ያሉት ጦጣዎች በእናት በኩል የሚወርደው ዘራቸው ከባሌው ሰፊ ደን ዘመዶቻቸው ይልቅ ለጎረቤት ጦጣዎች እንደሚቀርብ አሳይቷል። እንግዲህ በመልክ የሚቆጥር አንድ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ ዘረመሉን የሚመረምር ደግሞ ሌላ።