ውታፍ፣ እፊያ፣ ቆርኪ፦ የጎጃም ቤት የዕቃ አከዳደን

ከጮቄ ተዳፋት እስከ ደጀን አፋፍ፣ በጎዛምን፣ በማቻከልና በአዋበል የቆዩ ቤቶች ጥግ ይዞ የሚቆመው ጎታ እሳት አይቶ አያውቅም። ከጭቃ፣ ከጤፍ ጭድና ከእበት ተቦክቶ በእጅ ይገነባል፤ የሚያደርቀውም ፀሐይ ነው። ብዙዎቹ ጎታዎች ሁለት አፍ አላቸው። የላይኛው ሰፊ ነው፤ አውድማው ካለቀ በኋላ እህሉ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ሲሞላ ይከደንና ዙሪያው በጭቃና በእበት ይመረጋል። ከታች፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በጨርቅ ወይም በእንጨት ውታፍ የተደፈነች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ባለቤቲቱ እንቅቡን ደቅና ውታፉን ስትነቅል እህሉ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ሲበቃት መልሳ ትወትፈዋለች።

ይህን ዕቃ ያሰበው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ብልሃቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዓመት አንዴ የሚከፈተው አፍ አስቸጋሪ ነው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚከፈተው ግን ልጅም አሮጊትም ያለ መሰላል ይደርሱበታል። መጀመሪያ የሚወጣው ከሥር ያለው እህል ነው፤ የቀረው እንደታሸገ ይቆያል። ምርጉን የነካ እጅ ካለም የተሰነጠቀው ጭቃ ያሳብቅበታል። ክዳን ሁሉ በቀላሉ መከፈት አለበት የሚለው ሐሳብ ከፋብሪካ ጋር የመጣ ነው። የጎጃም ቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነበር፦ ማን ይክፈተው፣ በስንት ቀን አንዴ?

ማን ይክፈተው የሚለው ጥያቄ ከማጀት ይሻገራል። የጎታ ልክ የቤት ምስጢር ነው፤ በጎታ ውስጥ ስንት ቁና እንደቀረ ለጎረቤት እንኳ አይነገርም። ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ሲነሳ፣ ከግብሩ መጠን ሌላ ያስቆጣው የመሬቱ መለካትና የምርቱ መገመት ነበር። በሰው ቤት እህል ላይ የባዕድ ዓይን ሲያርፍ ምን ስሜት እንደሚያድር፣ ያን ምርግ በየዓመቱ በእጇ የምትለስን ሴት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም።

እህሉም ራሱ ክዳኑን ይመርጣል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። በቆሎና ስንዴ እንዲህ አይታመኑም። የበቆሎ ጎታ በወጉ ካልተመረገ ክረምት ሳይወጣ ዱቄት ይሆናል፤ ያውም ሳይፈጭ።

ወደ ፈሳሹ ስንመጣ ጨዋታው ይለወጣል። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ድፍድፉ ገብቶ ውኃ ሲጨመርበት አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ጠላ ግን እንደ እህል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይፈላል፣ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከበረታ የሚሸነፈው ለስላሳው ምርግ ነው እንጂ ጋኑ አይደለም። አንድ እፍኝ ጭቃ ክዳንም ነው፣ ማስተንፈሻም ነው፣ ሌባ ጠቋሚም ነው። በሦስት ሥራ የተጠመደ እንዲህ ያለ ክዳን ከፕላስቲክ ሲሠራ እስካሁን አላየሁም።

ከዚህም የረቀቀው የቅቤ መናጫው ገንቦ ነው። የገንቦው አፍ በውታፍ ይደፈናል ወይም በቁራጭ ቆዳ ተወጥሮ ይታሰራል፤ እርጎው በሚናጥበት ጊዜ አንዲት ጠብታ መፍሰስ የለባትምና። አንዳንዱ ገንቦ ታዲያ አንገቱ አጠገብ ስንደዶ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ናጯ ቀዳዳዋን በጣቷ ይዛ ትንጣለች፤ በየመሀሉ ጣቷን አንስታ የታመቀውን አየር ታስወጣለች። ድምፁ ሲለወጥባት ደግሞ ቀጭን ሰንበሌጥ ሰድዳ ትመልሳለች። ጫፉ ላይ የቅቤ ፍንጣቂ ከተጣበቀ ቅቤው ወጥቷል፤ ካልተጣበቀ ትቀጥላለች። ትልቁን አፍ ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት ማለት ይህ ነው።

የቀሩት በአጭሩ ይታለፋሉ። የወጥ ድስት የሸክላ እፊያው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጠብቅም፤ እንፋሎቱ መውጣት አለበት። ምጣዱ አክንባሎውን ይደፋል። መሶብ ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የተሰፋ ባለ ቁንጮ ክዳን አለው፤ ቁንጮው ጌጥ ይመስላል፣ በሊጥ እጅም ቢሆን ቆንጥሮ ለማንሳት ግን የተመቸ ነው። አገልግል መንገደኛ ስለሆነ በጠፍር ይታሰራል፤ በቅሎ ላይ ተንገላትቶ ወጡ እንዳይፈስ።

የውጩ ዓለም በክዳን አከፋፈት ረገድ ለረጅም ጊዜ ከእኛ አልተሻለም። እንግሊዛዊው ፒተር ዱራንድ የቆርቆሮ ምግብ ማሸጊያን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1810 ነበር፤ የቆርቆሮ መክፈቻ እስኪመጣ ግን ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። በመሀሉ ሰዉ በመሮና በመዶሻ ሲከፍት ኖረ። ጆን ሜሰን ባለ ጥርስ ክዳኑን የመስታወት ዕቃ በ1858 አወጣ፤ ዊልያም ፔይንተር ዛሬ ቆርኪ የምንለውን በ1892። ቆርኪ ያለ መክፈቻ አይከፈትም፤ በማንኪያ እጀታ ወይም በጥርስ የሚከፍት ጎበዝ ግን በየመሸታ ቤቱ አይጠፋም። ጣሳውን በቀለበት ስቦ መክፈት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካዊው ኤርማል ፍሬዝ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ደብረ ማርቆስን የሚመለከት የፊዚክስ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቆላ ላይ የታሸገ የብስኩት ከረጢት እዚህ ሲደርስ ተነፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የማርማላታ ብልቃጥም ክዳኑ ከወደብ ይልቅ ማርቆስ ላይ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ክዳኑን ከውጭ የሚጫነው አየር ቀንሷልና። ግማሹ የተጠጣ የውኃ ፕላስቲክ ከማርቆስ ከድነው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ድልድዩ ጋ ጎኑ ጨርምቶ ያገኙታል።

ዛሬ ማጀቱን የያዘው ፕላስቲክ ነው። ቢጫው ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደ፤ ለዚህ ውለታው አፉ እጅ አለማስገባቱንና ውስጡ ለማጠብ ማስቸገሩን ይቅር እንለዋለን። የጠላው በርሜል ግን አይተነፍስም። ጥምዝ ክዳኑን ካጠበቁት ይወጠራል፣ ካላሉት አየር ይገባና ጠላው ይኮመጥጣል። በርበሬና ሽሮ የሚቀመጥበት ባልዲም ክዳኑ ዙሪያውን ነክሶ ስለሚይዝ በቢላዋ ጫፍ ይፈነቀላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠርዙ ይሰነጠቅና ማሸጉንም ይተዋል። የሚጎዱት ቁርጥማት ጣታቸውን የያዛቸው እናቶች ናቸው። በየቀኑ ለሚከፈተው ሽሮ በዓመት አንዴ የሚከፈት ዓይነት ክዳን ተሰጥቷቸዋል። አምራቹ ከክዳኑ ጠርዝ አውራ ጣት የሚይዝ ምላስ ቢያወጣለት፣ አናቱ ላይም የመሶቡን ቁንጮ የመሰለ መጨበጫ ቢጨምርለት ዋጋው ብዙ የሚንር አይመስለኝም።

ለእህሉ አዲስ የመጣው ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን፣ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ባደረጉት ጥናት ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር አያስገቡም፤ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ እህሉ በደንብ ደርቆ ይግባ እንጂ። አፉ ተጠምዞ፣ ታጥፎ ይታሰራል፤ ለከርሞም ያገለግላል። በየቀኑ ከፈቱት ግን አየር እየገባ ነቀዙን ያስነሳዋል፤ ስለዚህ የወር ቀለብ አንዴ አውጥቶ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ግድ ነው። ለዚህም ከታች ውታፍ ያለው ትንሽ ጎታ ይበቃል። አይጥ በከረጢቱ ጎን ከበሳች ደግሞ የአፉ መታሰር ምንም አይፈይድም፤ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳም አርቆ ማስቀመጥ ነው።